እሳት በገል

ሐምሌ ሲገባ አምቦ ላይ ማገዶ ሁሉ ይረጥባል። የባሕር ዛፉ ጭራሮ አይያያዝም፤ ኩበቱም ጢሱን እንጂ ነበልባሉን አይሰጥም። ክብሪት ከጨውና ከበርበሬ ጋር ታስቦ የሚገዛ ነገር ስለነበረ እንዳገኙ አይጭሩትም። ስለዚህ የሰፈራችን እናቶች ማለዳ በር ከፍተው መጀመሪያ የሚያዩት ሰማዩን ሳይሆን የጎረቤትን ጣሪያ ነበር። ጢስ ከወጣበት ቤት እሳት ይጫራል።

ጫሪው እኔ ነበርኩ። እናቴ ከተሰበረ ምጣድ የተረፈ ገል ትሰጠኛለች፤ ለክዳን የሚሆን ሌላ ገል ትጨምርልኛለች፤ ሁለቱን ገጥሜ በዝናቡ ውስጥ እሮጣለሁ። መሄዱ ቀላል ነው። ስመለስ ግን በሁለቱ ገሎች መካከል ሦስት ወይም አራት ፍም አለ። ከሮጥኩ ነፋሱ አመድ ያደርገዋል፤ ካዘገምኩ ዶፉ ያጠፋዋል። ገሉ ደግሞ እየጋለ ይመጣል። የሹራቤን እጅጌ ወደ መዳፌ ስቤ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በጀርባዬ ዝናቡን እየመከትኩ የምራመደው ሃያ ርምጃ የማይሞላ መንገድ ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ያህል ተጠንቅቄ የተሸከምኩት ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እሳቱ የሚጫረው ከአኮ ቤት ነው። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የሥጋ አያቴ አይደሉም፤ በአንድ የእሾህ አጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ናቸው። አጥሩ ሰው የሚሾልክበት ቀዳዳ ነበረው፤ ማንም አይደፍነውም፤ እሾሁ ሲያድግ እንኳ አባቴ በገጀራ ይመለምለው ነበር። አኮ ፍሙን በገሉ ላይ ሲያደርጉልኝ እጄን ባዶ አይተዉትም፤ ከምድጃው ዳር ትኩስ ድንች ወይም የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ያስጨብጡኛል። በኦሮምኛ እናቴ እንዴት እንዳደረች ይጠይቁኛል፤ በኦሮምኛ እመልሳለሁ፤ ቤት ስገባ የተባልኩትን ለእናቴ በአማርኛ እነግራለሁ። ሁለት ቋንቋ እንደምናገር ያወቅሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

የአምቦን ስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ከጠርሙስ ላይ አንብቦታል። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ጉደር ሲሄዱ ከሰንቀሌ የሚወጣው ውሃ ከ1920ዎቹ ጀምሮ እየታሸገ አገሩን ስለዞረ፣ የትም ቦታ ጋዝ ያለው ውሃ ሁሉ “አምቦ” ይባላል። ከተማው ግን በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ነበር የሚባለው፤ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ኦሎንኮሚን፣ ጊንጪን አልፈው ይደርሱበታል፤ መንገዱ በጉደርና በጌዶ አድርጎ እስከ ባኮ፣ ከዚያም ወለጋ ይገባል። በበጋ እነዚህ ከተሞች ለመንገደኛ ስም ብቻ ናቸው። በክረምት ግን እያንዳንዳቸው ጠባይ ነበራቸው። የጊንጪ ኮትቻ ከእግር ጫማ ያወልቃል። ጌዶ ላይ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አይነሳም። ከጀልዱ የሚመጣ ሰው ብርዱን በቡልኮው ተሸክሞ፣ ድንቹን በአህያ ጭኖ ይመጣል። ባኮ ወረድ ስለሚል ሞቃት ነው፤ በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ከወንጪ በኩል ቆጮ ጭነው የሚወርዱት ፈረሶች የሆዳቸው ጠጉር በጭቃ ተጣብቆ ነበር ገበያ የሚደርሱት።

የእኛም ሰፈር ፈረስ ነበረው። የአኮ ባል ባለጋሪ ነበሩ፤ ፈረሳቸውን በመልኩ ዳማ እንለው ነበር። በበጋ ጋሪ ላይ ለመውጣት ስሙኒ ያስፈልጋል። ዝናብ ከጣለ ግን እኚህ ሰው ከገበያ ሲመለሱ በመንገድ ያገኙትን ልጅ ሁሉ ያለ ክፍያ ያሳፍሩ ነበር፤ ማንነቱን አይጠይቁም፤ ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ይጠይቃሉ። ስድስት ሰባት ሆነን በአንድ ሸራ ሥር ተጣብቀን፣ የዳማ ጀርባ እየጨሰ፣ የጎማው ጭቃ ፊታችንን እየረጨ እንሄዳለን። ሁሉቃ ድልድይ ላይ ስንደርስ ጋሪውን አቁመው ወንዙን ያሳዩናል። ሁሉቃ በበጋ ልብስ የሚታጠብበት ምስኪን ወንዝ ነው፤ በነሐሴ ግን ቡናማ ሆኖ፣ ግንድና ዱባ እየነዳ፣ አንዳንዴም የሰው አጥር እንዳለ ነቅሎ ይመጣል። ከወንዙ ወዲያ ያሉት ዘመዶቻችን ደህና መሆናቸውን የምናውቀው ከድልድዩ ማዶ በጩኸት ተጠራርተን ነበር።

ሳንቲም ያገኘን ቀን ፍልውሃው መዋኛ እንገባለን። ከአንገት በታች ሙቅ ውሃ፣ ከአንገት በላይ የሐምሌ ዝናብ። ያንን ስሜት ለአዲስ አበባ ልጆቼ ላስረዳቸው ሞክሬ አልቻልኩም።

ከሁሉ በላይ የምናፍቀው ግን መጠለል ነው። ያኔ ዝናብ ከያዘዎት በመንገድ ዳር ካለው የመጀመሪያው ቤት ታዛ ሥር ይቆማሉ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ በሩ ይከፈትና “ግቡ እንጂ!” ይባላሉ። መግባት ግዴታ ነው፤ እምቢ ማለት ያስቀይማል። ገብተው በመደብ ላይ ይቀመጣሉ፤ እግርዎ ወደ ምድጃው ይቀረባል፤ ንፍሮ ይመጣል፤ ዝናቡ ካልቆመ ቡና ይፈላል። ዝናቡ ሲቆምም የማን ልጅ እንደሆኑ፣ አያትዎ ከየት እንደመጡ፣ በስንተኛው ትውልድ ከቤቱ ባለቤት ጋር እንደሚዛመዱ ተጣርቷል። እኔ በዚህ መንገድ ያወቅኳቸው ቤቶች ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ቤት ይበልጣሉ። እናቴ የአንድ ሰፈር ሰው ለቅሶ ላይ ብዙ ስታለቅስ “እሳቸውን በምን ታውቂያቸዋለሽ?” ስላት “ዝናብ አስጠልለውኛል” ትለኝ ነበር፤ ለእሷ በቂ ምክንያት ነበር።

በ1975 ክረምት እህቴ 10ኛ ክፍልን ጨርሳ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስተማሪ ሆነች። ዘመቻው ሐምሌ 1971 በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ እያደገ ሄዶ በኋላ 15 ደርሶ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ኦሮምኛ ነበር። ሁሉም የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። የኦሮምኛው ጋዜጣ በሪሳም በዚያን ጊዜ በዚሁ ፊደል ነበር የሚታተመው። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ግንድ ተጋድሞ፣ ከሥራ መልስ እናቶችና አባቶች ይቀመጣሉ፤ እኔ ጠመኔ ተሸክሜ፣ መሸት ሲል ፋኖስ ይዤ እቆማለሁ። አኮ የመጀመሪያው ግንድ ላይ ነበሩ። ዕድሜያቸው ያኔ አርባን አልፏል። እርሳስ ሲይዙ እንደ ወፍጮ እጀታ አጥብቀው ስለሚይዙት ወረቀቱን ይቀዱት ነበር።

አንድ ቀን ማታ እህቴ ሰሌዳው ላይ ዸ ጻፈች። የደ ዘመድ ናት፤ ከሥሯ ግን ተጨማሪ ነገር አላት። አማርኛ የሌለው፣ ምላስ ላንቃ ነክቶ ወደ ውስጥ እንደ መሳብ የሚወጣውን የኦሮምኛ ድምፅ ለመጻፍ የተበጀች ፊደል ናት። አኮ ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ “ይህቺማ ለእኛ የተሠራች ናት” አሉ። ያን ዕለት ማታ ዸን፣ ዹን፣ ዺን እያሉ፣ ከግንዱ ሳይነሱ፣ እስከ ዻ፣ ዼ፣ ዽ፣ ዾ ዘለቁ። እህቴ ቤት ስንገባ ለአባቴ ስትነግረው ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጳጉሜ ላይ ፈተና ተፈትነው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ ከማርያም ሥዕል ጎን ተሰቀለ።

ጳጉሜ ደግሞ ሌላ ወር ነው። ከቡሄ ጀምሮ ሰፈሩ የልጆች ነበር። ሆያ ሆዬ ሲያበቃ የጎቤና የሽኖዬ ተራ ይመጣል፤ ወንዶቹ ጎቤ፣ ሴቶቹ ሽኖዬ እየዘፈኑ በየደጃፉ ይዞራሉ። የእኛ ቤት ሁለቱንም ይቀበላል፤ እናቴ ሙልሙል ትሰጣለች፣ አኮ ቅቤ የጠገበ ጭኮ። እህቴ አበባየሆሽ ብላ የወጣችበት ቡድን ሽኖዬም ይዘፍን ስለነበር ለየትኛው ምን እንደተሰጠ መለየት ያስቸግር ነበር። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም የሁለቱ ወገን ልጅ ነበሩ፤ የተወለዱት እዚሁ አምቦ አጠገብ ቦዳ በተባለ ቦታ፣ በክረምት፣ በነሐሴ 1928 ነው። አባታቸው ኦሮሞ፣ እናታቸው የአንኮበር አማራ ነበሩ። የእሳቸውን ሥራ ባነበብኩ ቁጥር በቋንቋዎቹ መካከል ያለውን ቀዳዳ አስባለሁ፤ እኛ አጥር ላይ እንደነበረው ያለ፣ ማንም የማይደፍነው።

በ1987 ቆጠራ አምቦ 27 ሺህ ያህል ሰው ነበረባት፤ በ1999 ወደ 48 ሺህ ደርሳለች፤ ዛሬ ከዚያም በላይ ናት። በ1939 በግብርና ትምህርት ቤትነት የተመሠረተው ተቋም ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በክረምት ለትምህርት የሚመጡት መምህራን ቤት ተከራይተው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ሰፈሩን ሁለት ወር ያህል ያደምቁታል። ኮብልስቶኑ ጭቃውን ሸፍኖታል። ጋሪው ለባጃጅ ቦታውን ለቋል። ልጆች በኩራዝ ጢስ ዓይናቸው እየቀላ አያጠኑም። ይህን ሁሉ እንደ ውድቀት የሚቆጥር ሰው እኔን አያገኘኝም። ገሉ የተወው የጣቴ ጠባሳ አሁንም አለ፤ ልጄ እሳት በገል ተሸክሞ እንዲሮጥ አልፈልግም።

ግን ያኔ ለተጠላይ ይከፈት የነበረው በር የተዘጋው በሀብት ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 2006 የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው የወጡ ተማሪዎች ደም በአምቦ ፈሰሰ። ኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ ምድሩን አዳረሰ። ሰኔ 22 ቀን 2012 የአምቦው ልጅ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ፤ ሰኔ 25 በአምቦ ተቀበረ። ክረምቱ በለቅሶ ገባ። ኢንተርኔት ተዘግቶ ስለነበር እናቴን ያገኘኋት በመደበኛ ስልክ ብቻ ነው፤ ስለ ራሷ ስጠይቃት በሩን እንደቆለፈች ነገረችኝ። ቁልፍ ኖሯት እንደማያውቅ አውቃለሁ። ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት “ሰው ሁሉ ገዛ፤ እኔም ገዛሁ” አለችኝ። በእነዚያ ዓመታት ልጇ እንዳይወጣ በር የምትዘጋ እናት፣ ከውጭ የሚያንኳኳ ማን እንደሆነ ሳታውቅ የማትከፍት እናት እንዴት ይፈረድባታል? ከዚያም ወዲህ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳይጠይቁ ከአዲስ አበባ መነሳት ቀርቷል። እኔም በዚያ ሰበብ ብዙ ክረምት ቀረሁ። ሰበብ የምለው መንገዱ ደህና በነበረበት ክረምትም ስላልሄድኩ ነው። ወደ አምቦ የምሄደው ለለቅሶ፣ ጠዋት ሄጄ ማታ ለመመለስ፣ ከዕድሩ ድንኳን ሥር ለሁለት ሰዓት ለመቀመጥ ሆነ። ዕድሩ ግን አልተዘጋም፤ ዛሬም ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር፣ ማንንም የማይመርጥ እሱ ነው። እናቴንም የቀበረልኝ እሱ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ለአንድ ሳምንት ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን ከገበያ ስመለስ ዶፍ ያዘኝ፤ እግሬ በራሱ ትዝታ ወደ ቅርቡ ቤት ወሰደኝ። ቤቱ አዲስ ነው፤ አጥሩ ብሎኬት፣ በሩ ቡናማ ቀለም የተቀባ ላሜራ። ከበሩ በላይ ባለው አጭር ታዛ ሥር ቆምኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በበሩ ላይ ያለች ትንሽ መስኮት ተከፈተችና የአንድ ወጣት ዓይን ታየኝ። “አባቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?” አለኝ፤ በትሕትና ነው። “ዝናብ ተጠልዬ ነው” አልኩት። “እሺ፣ ችግር የለም፣ ይቁሙ” ብሎ መስኮቷን ዘጋት። ምንም አልበደለኝም። ታዛው ሥር ሃያ ደቂቃ ቆምኩ፤ ውስጥ ቡና እየተቆላ ነበር፤ ሽታው በላሜራው ክፍተት ይመጣል። አዲስ አበባ ያለው የእኔም ቤት በር እንደዚያች ያለች መስኮት አለው። ልጆቼም በዚያች መስኮት የሚጠይቁት ያንኑ ጥያቄ ነው፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ አኮ ሄድኩ። አሁን ከሰማንያ አልፈዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ዳማን የሸጡት ለቀብራቸው ወጪ ነበር። የእኛ ቤት ከእናቴ ሞት በኋላ ስለተሸጠ በሁለቱ ግቢ መካከል የእሾሁ አጥር የለም፤ ሰው በማይወጣው ግንብ ተተክቷል። ሃያ ርምጃ የነበረው መንገድ ዛሬ በአስፋልቱ ዞሮ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። አኮ ምድጃው ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስማቸውን ከመጥራቴ በፊት በድምፄ ለዩኝና በኦሮምኛ “ረጥበሃል፣ ወደ እሳቱ ቅረብ” አሉኝ። ትኩስ ድንች ሰጡኝ። የምስክር ወረቀቱ አሁንም ከማርያም ሥዕል ጎን አለ፤ ጥላሸት ስለሸፈነው ከፊሉ አይነበብም።

ስልካቸውን ከደረታቸው አወጡ። የልጅ ልጃቸው አዲስ አበባ ሥራ ይዟል፤ ከእኔ ቤት ብዙም አይርቅም። መልእክት ልኮላቸው ሁለት ቀን ሆኖታል፤ በቁቤ ነው። ኦሮምኛ ከ1984 ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ለቋንቋው ይስማማዋል፤ የድምፁን ርዝመትና ጥብቀት እየለየ ያሳያል፤ የእኛ ፊደል ያንን አያሳይም። ልጁም በአፍ መፍቻው ተምሮ እዚህ ደርሷል። ነገር ግን አኮ በ1975 በፋኖስ የተማሩት ንባብ ለአሥር ዓመት እንኳ ሳያገለግላቸው ቀረ፤ የከተማው ሰሌዳ፣ የልጆቻቸው መጽሐፍ፣ የቀበሌው ማስታወቂያ ሁሉ ተለወጠ። ለእሳቸው ሁለተኛ ዘመቻ የከፈተላቸው የለም። “ማንበብ አውቅ ነበርኮ” አሉኝ። ቃሉን ያሉት የሞተ ዘመድ እንደሚያስታውስ ሰው ነው።

መልእክቱን ቀስ ብዬ፣ እየተንተባተብኩ አነበብኩላቸው። ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበታል፤ ለመስቀል ላይመጣ ይችላል። አኮ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ከመደቡ ሥር እስክሪብቶ ፈልገው፣ የዕድር ደረሰኝ ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና ይጽፉ ጀመር። እስክሪብቶውን አያያዛቸው ያኔ እንደነበረው ነው። ሁለት ቃል ነው የጻፉት፤ ለሁለት ቃል ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ፊደሎቹ ትልልቅና ደፋር ናቸው። “ዮም ዹፍታ?” ይላል። መቼ ትመጣለህ? ማለት ነው።

ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። የዝናቡ ድምፅ ቆርቆሮው ላይ እንደገና በረታ። አኮ ፍሙን በመቆስቆሻው ሰበሰቡት። ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ ስልኩ ደወለ፤ የልጁ ድምፅ ጥሩና ፍቅር የሞላበት ነው። “አኮ፣ ጽሑፍሽን አየሁት፤ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?” አላቸው በኦሮምኛ፣ ልጅ ለአያቱ በሚናገርበት ወዳጅነት። “የመጀመሪያውን ቃል አንብቤዋለሁ። የሁለተኛው መጀመሪያ ላይ ያለችውን ፊደል ግን አላውቃትም። ምን የምትባል ናት?”

አኮ ደረሰኙን ወደ እሳቱ ብርሃን አቀረቡት። ጣታቸውን ከፊደሏ ሥር አድርገው፣ እህቴ እንዳስተማረቻቸው፣ አፋቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው፣ “ዹ” አሉ። ጠበቁ። “ዹ... ዹፍታ።”

ስልኩ ሲዘጋ ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው በእርጥቡ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተቱልኝ።